ጎባ ሳትደርስ ጅቡቲ የምትገባው ባቡር

ዛሬ ረዘም ይላልና ቡና አፍሉና ተቀመጡ። «ቲቸር ደግሞ አበዛው» የምትሉ እስከ መጨረሻ አንብባችሁ ኮመንት ላይ ተሳደቡ፣ ችግር የለም።

ነገሩን ያመጣው ውጭ አገር ያለ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ቪዲዮ ላከልኝ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው መጫወቻ ባቡር ያስኬዳሉ። አንዷ ፉርጎ ከሐዲዷ ስትወጣ ሁሉም ባንዴ ይስቃሉ። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ሁሉም ባንዴ መካሪ ይሆናሉ። «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» ይላል ልጁ። መልሱ ኢንቦክስ ውስጥ የሚያልቅ አይደለም። የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ሲጠየቅ ከአዳም ነው የሚጀምረው፣ ታውቃላችሁ።

ከቃሉ እንጀምር። እኛ ባሌ ውስጥ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ወፍጮ ነው። በኦሮምኛም «ባቡራ» ወፍጮ ነው። ስንዴ ተሸክሞ «ባቡር ቤት» ሲላክ ያደገ ልጅ፣ መጽሐፍ ላይ የባቡር ሥዕል አይቶ «ይኼ ደግሞ የት ጋ ነው የሚፈጨው?» ቢል አይፈረድበትም። ቃሉ በዓረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ «እንፋሎት» የሚለው የፈረንጅ ቃል ነው። ስለዚህ ለአባቶቻችን በሞተር የሚንቀሳቀስ፣ የሚያጨስና የሚጮኽ ብረት ሁሉ ባቡር ነበር። አዲስ አበባ ላይም እውነተኛው ባቡር ከመግባቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። እንግዲህ የኛን ወፍጮ ባቡር ያሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ከአዲስ አበባ ሰው እኩል ነው የሰየሙት።

ሌሎቹን ቃላትም እዩአቸው። «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ ነው። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው ነው። «ሐዲድ» ዓረብኛ ነው፣ ብረት ማለት ነው። አንዱን ባቡር ለመጥራት ሦስት አራት አገር ቃል አዋጥቷል። ባቡሩም ራሱ እንደዚያው ነው የተሠራው።

ባጭሩ ላስታውሳችሁ። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከአድዋ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ማውጣት ገንዘብ ይበላል ተባለና መስመሩ ከሥር በረሃውን ይዞ ቀረ። በዚህ ምክንያት በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ ከተማ ሆነ። ድሬዳዋ ማለት ይኸው ነው፤ ባቡር ወለዳት የምንላት በቀልድ አይደለም። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ዓመት ገደማ። ዛሬ ለገሃር ላይ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

አሁን ቁልፉን ቃል ልንገራችሁ፤ የቀረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ጌጅ ይባላል። የጅቡቲው አሮጌ መስመር ጌጁ ልክ 1 ሜትር ነበር። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ላይ አጥፎ መታጠፍ ስለሚችል ቁፋሮውም ወጪውም ይቀንሳል። ጣሊያን ኤርትራ ውስጥ የዘረጋው 950 ሚሊ ሜትር ነው። እንግሊዝ ሱዳን ውስጥ የዘረጋው 1067 ሚሊ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዓለም አብዛኛው ባቡር የሚሄድበት ስፋት ማለት ነው። በአንድ አካባቢ አራት ዓይነት ጌጅ! የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ቅኝ ገዢዎቹ ካርታ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ብቻ አይደለም የከፋፈሉን፤ በሴንቲ ሜትርም ከፋፍለውናል።

ወደ መጫወቻዋ ልመለስ። ትንሿም ባቡር የገጠማት ይኸው ችግር ነበር።

በአውሮፓ መጀመሪያ ላይ የልጆች ባቡር ምንጣፍ ላይ የሚገፋ ቆርቆሮ ነበር። እያንዳንዱ ፋብሪካ በመሰለው ልክ ይሠራ ነበር። ሜርክሊን የሚባል የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1859 ሥራ ሲጀምር የአሻንጉሊት ቤት ማድቤት ዕቃ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ንግድ አንድ ነገር ተምሯል፦ የአሻንጉሊት ቤት የገዛች ልጅ በየዓመቱ ድስት፣ ወንበር፣ ምድጃ ትጨምርበታለች። እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕሲግ በተደረገው የንግድ ትርዒት ላይ ሜርክሊን በተጠመዘዘ ምንጭ የሚሄድ ባቡር ይዞ ቀረበ። ዋናው ነገር ባቡሩ አልነበረም። ሐዲዱ በየቁራጩ ይሸጥ ነበር፤ ስፋቱም በቁጥር የተወሰነ ነበር። ዘንድሮ ክብ ሐዲድ የተገዛለት ልጅ ለከርሞ ልደቱ ቀጥ ያለ ሐዲድ ይጨመርለታል፤ የጎረቤቱ ልጅም ያለው ተመሳሳይ ጌጅ ከሆነ ሁለቱ ይገጣጥሙታል። ያኔ ነው ባቡሩ ከአንድ ልጅ መጫወቻነት ወጥቶ የጋራ የሆነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጆሹዋ ላዮኔል ካወን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ ባቡር ሠርቶ የሱቅ መስኮት ላይ አደረጋት፤ ሐሳቡ ደንበኛ እንድትስብ ነው። ደንበኛው መጣ፤ ግን በሱቁ ዕቃ ፋንታ ባቡሯን ግዛልኝ አለ። እንግሊዝ አገር ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1920 የራሱን ባቡር ማምረት ጀመረ። ልጆቹ አደጉ፣ ጢም አበቀሉ፣ ባቡሩን ግን አልተዉም። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሽበታም ሰዎች የእነዚያ ልጆች ልጆች ናቸው።

ዛሬ በብዛት የሚጠቀሙበት መጠን 1 ለ 87 ነው። እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ አሳንሰው ይሠሩታል። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካልኩሌተር አውጡ፦ 16.5 ሲባዛ በ87 ስንት ይመጣል? 1435 ነው፤ በትርፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር። አያችሁ፣ መጫወቻው የዋዛ አይደለም!

የኛን አሮጌ ባቡር በዚህ መጠን ብንሠራስ? አንድ ሜትር ሲካፈል ለ87 ከ11 ሚሊ ሜትር ተኩል ትንሽ ይቀንሳል። ለዚህ ዓይነቱ ጠባብ ባቡር 12 ሚሊ ሜትር የሚባል ጌጅ አላቸው፤ ስለዚህ ሐዲዱ አለልን። ርዝመቱ? 784 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ለ87 ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ልብ በሉ የሮቤ ሰዎች! ሐዲዱን ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ብንዘረጋ፣ ድሬዳዋ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ትመጣለች። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባሕር ነው። ጎባ ሳንደርስ ጅቡቲ ገባን! ቁመት 1 ሜትር ከ70 የሆነው ተሳፋሪያችን ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 27 ሜትር ከፍ ትላለች። የሳነቴው ቱሉ ዲምቱ፣ 4377 ሜትሩ ተራራችን፣ 50 ሜትር ይሆናል። ጎበዝ የሆነ ክፍል ይህን በአንድ ሴሚስተር ካርቶን ላይ ይሠራዋል፤ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ባንድ ላይ።

ይህ ቁጥር ነው። አሁን ወደ ሰዎቹ።

የሞዴል ባቡር ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ሞዴሉ ከእውነተኛው ጋር ፍጹም አንድ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ነው፤ ሎኮሞቲቩ ጎን ላይ ያሉትን የብረት ምስማሮች አንድ በአንድ ቆጥሮ «በዚህ በኩል ሁለት ይጎድላል» ይላል። ሌሎቹ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም «ምስማር ቆጣሪ» ብለው ይጠሩታል። ሌላኛው ወገን ደግሞ «የኔ ባቡር ነው፣ በኔ ሕግ ይሄዳል» ብሎ የጃፓን ባቡር በጀርመን ድልድይ ላይ ያሳልፋል። ይተራረባሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ነገር ግን ምስማር ቆጣሪው ሞተሩ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚደውለው ለዚያ ለሚያሾፍበት ሰው ነው።

ምክራቸውም ከልምድ የተጨመቀ ነው። ባቡርህ ከሐዲድ ከወጣ መጀመሪያ ሐዲዱን መርምር፣ ቀጥሎ ጎማውን፣ ባቡሩን መጨረሻ ላይ ውቀስ። እጅህ የማይገባበት ቦታ ዋሻ አትሥራ። መስመር መለወጫውን በምንም ዓይነት ዋሻ ውስጥ አታስቀምጥ፤ የሚበላሸው እዚያ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚገባው በሐዲዱና በጎማው መነካካት ስለሆነ ባቡሩ ሲንተፋተፍ ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት ሐዲዱን ጥረግ። ቤቱን የሚሞላ ነገር አልምህ አትጀምር፤ አንድ ትንሽ ክብ ሠርተህ እሱ ሲሄድልህ ጨምርበት። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ውስጥ ለትዳር ወይም ለሥራ የማይሆን የቱ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ላይ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ዋናው ጉዳያቸው ያው የድሮው ነበር፦ የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ ከሌላው ጋር አልያያዝ፣ የአንዱ ጎማ በሌላው ሐዲድ ላይ አልሄድ እያለ አስቸግሯቸዋል። መለኪያ አወጡ፣ ተስማሙ። መንግሥታት በአፍሪካ ምድር ላይ ያልተስማሙበትን የጌጅ ነገር ባለ መጫወቻዎቹ በጉባኤ ፈቱት።

ለልጁ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሆነው ግን ይኼኛው ነው። ኤም አይ ቲ በሚባለው ታዋቂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ክበብ አለ። አባላቱ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ከጠረጴዛው በላይ ባቡር ይቀባል፣ ኮረብታና ቤት ይሠራል። ሌላው ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ በስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች የባቡሩን መቆጣጠሪያ ይዘረጋል። ጠረጴዛ ሥር ያሉት አንድ ችግር በብልሃት ሲፈታ «ሀክ» ይሉት ነበር፤ የሚፈታውን ሰው «ሀከር»። ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሲያስገባ ሌሊት ሌሊት እየሄዱ የሞከሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጌሞች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው «ስፔስ ዎር» ከነሱ መካከል ወጣ። ዛሬ ሁላችሁም የምትጠቀሙበት «ሀከር» የሚለው ቃል ከመጫወቻ ባቡር ሥር ነው የወጣው። እንግዲህ ሥራ አላቸው ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፦ አንተ ዛሬ የምትተዳደርበት የኮምፒውተር ሥራ ከነሱ ጨዋታ የመጣ ነው፣ ወንድሜ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ነገር አንድ ነው። ባቡር ትንሽም ይሁን ትልቅ በሕይወት የሚቆየው ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር ነው፤ በቀልድም በቁጣም ይሁን። ማስረጃው ሩቅ አይደለም።

ጎረቤታችንን ኤርትራን እዩ። የምጽዋ–አስመራ መስመር ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ 118 ኪሎ ሜትር የሆነ ድንቅ ሥራ ነው። በጦርነቱ ዘመን ፈረሰ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ መሥሪያ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንደገና ይዘርጋ ሲባል ሥራውን የሚያውቁት ጡረታ የወጡ አዛውንት ብቻ ነበሩ። ተጠሩ፣ መጡ። ሰባና ሰማንያ የዘለሉ አባቶች ወጣቶቹን እያስተማሩ፣ ዝገት የበላቸውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ፈተው እየገጠሙ እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩን አደረሱት። ከዚያ በኋላ ያንን አሮጌ ባቡር ለመሳፈር ከአውሮፓ እየተጓዙ የመጡት እነማን ይመስሏችኋል? እነዚያው ምስማር ቆጣሪዎች! ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያለውን በእውን ለማየት።

የድሬዳዋ የባቡር ጋራዥም እንዲሁ ነው። መለዋወጫ ከውጭ ሲጠፋ እዚያው እየቀረጹ፣ እያቀለጡ፣ ከአንዱ ፈተው ለሌላው እየገጠሙ ባቡሩን ለአሥርት ዓመታት ያኖሩት ባለሙያዎች ናቸው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌ ባቡር ከቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። አዲሱ ባቡር በሌላ ጌጅ፣ በሌላ ጣቢያ፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጥሩ ነው፣ ይሂድ። ነገር ግን በአንድ ሜትሩ መስመር ላይ የኖረው ዕውቀት የት ነው ያለው? መጽሐፍ ላይ ያለው ጥቂት ነው። አብዛኛው በጡረተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጡረተኛ ደግሞ ለዘላለም አይኖርም። የመፍቻዎቹን ስም፣ የፉጨቱን ትርጉም፣ ነጂዎቹ እርስ በርስ የሚቃለዱበትን አነጋገር ያላስቀረ ሕዝብ፣ ነገ ሞዴል ልሥራ ቢል የሚሠራው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

«እኛ ባሌ ባቡር የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ በአገር አቀፉ ዕቅድ ከተዘረዘሩት መስመሮች አንዱ ከአዳማ ተነሥቶ በኢንደቶ አድርጎ ጋሰራ የሚደርስ ነበር። ጋሰራ የኛው ናት! የባሌ ስንዴ በፉርጎ ሊጫን ወረቀት ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሐዲዱ አልተዘረጋም፤ ስንዴያችን አሁንም በአይሱዙ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ከመጣ ግን ሹፌሩንም፣ ጠጋኙንም፣ መሐንዲሱንም ከሌላ ቦታ ልናስመጣ ነው ወይስ ከዚሁ ልጆች?

ሁለተኛ፣ የኛ ልጆች ባለሙያ ናቸው። ሽቦ አጥፈው፣ ቆርኪ ቀጥቅጠው፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ ክብ አድርገው ቆርጠው መኪና የሚሠሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሠርታችኋል። የሰርዲን ጣሳዎች በሽቦ ተያይዘው ሲጎተቱ ያ ባቡር ካልሆነ ምንድን ነው? ሲሠሩ ደግሞ አዳምጧቸው። «ቀዳዳውን መሀሉ ላይ ብሳው፣ አለዚያ ያነክሳል።» «መኪናህ ሰክራለች እንዴ? ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች!» «ሽቦውን አታላላው፣ ኩርባ ላይ ይወልቃል።» ጠረጴዛ ከበው ከሚሳሳቁት ሽበታሞች በምን ይለያል? ያሾፍበታል፣ ወዲያው ደግሞ ፒንሳውን ተቀብሎ ያስተካክልለታል። ልዩነቱ እነዚያ መለኪያ አላቸው፣ ክበብ አላቸው፣ የሠሩትን የሚያይላቸው ታላቅ ሰው አላቸው። የኛው ልጅ ሽቦውን ይዞ ሲመጣ ግን «ጥናትህን ትተህ በቆሻሻ ትጫወታለህ?» እንለዋለን፤ ከዚያ ስልክ እንሰጠዋለን፣ ዝም ይላል። በተለይ መምህራን ጓደኞቼ፣ ይህን ለራሳችንም እንበለው፦ ያ ሽቦ የፊዚክስ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለ። ቲቸር መቼም ያለ ቤት ሥራ አይሰናበትም።

ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አዳማ፣ ለገሃር አካባቢ ያላችሁ፣ ወይም አባታችሁ፣ አያታችሁ፣ አጎታችሁ ምድር ባቡር የሠሩ፦ በዚህ ሳምንት ቡና አፍልታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱ። «ታሪክ ንገሩን» አትበሏቸው፣ ይጨነቃሉ። «ባቡሩ መንገድ ላይ ሲቆምባችሁ መጀመሪያ ምን ነበር የምታዩት?» በሏቸው። ከዚያ አታቋርጧቸው።

ሮቤና ጎባ ያላችሁ ደግሞ ከታናናሾቻችሁ ጋር የሽቦ ባቡር ሥሩ። ሁላችሁም ግን በአንድ ልክ ይሁን፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማያያዣው ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ። ቁጥሩ ለሽቦና ለጣሳ እንዲመች የመረጥኩት ነው። ጠባብ ነው፣ ሰፊ ነው የምትሉ ኮመንት ላይ ተከራከሩ፤ ስንስማማ የሮቤው ፉርጎ ከጎባው ጋር ይያያዛል። ፎቶውን ላኩልኝ። ምስማር የምትቆጥሩም ቁጠሩ፣ የጎደለውን ንገሩን፤ ግን ፒንሳ ይዛችሁ ኑ።

ሰላም ዋሉ።